የእንዶዱ ሊቅ ዶክቶር አክሊሉ ለማ

በ1964 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን) አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሊቅ በአድዋ ከተማ አጠገብ በሚወርደው ወንዝ ዳር ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሱ ነበር። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ አልሞላም። ከአሜሪካ አገር የዶክቶርነት ማዕርግ ካገኙ ብዙ ጊዜ አላለፈም። የመጡበት ጉዳይ ግን ለሚያያቸው ሰው ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ቀንድ አውጣ ይለቅሙ ነበርና። ይህን ያህል ተምሮ በመጨረሻው ቀንድ አውጣ መልቀም ለወላጅም ለጎረቤትም ለማስረዳት የሚያስቸግር ሥራ ነው።

በወንዙ ዳር እንደ ወትሮው ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር። የሚያጥቡትም በሳሙና ሳይሆን በእንዶድ ነበር። ወጣቱ ሊቅ እንደ ልማዳቸው ከወንዙ የላይኛውንም የታችኛውንም ክፍል ሲመረምሩ አንድ ነገር ዐይናቸውን ሳበው። ከአጣቢዎቹ በላይ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ፤ ከአጣቢዎቹ በታች ግን የሞቱት በብዛት ተንሳፈው ይታያሉ። ይህን ዝም ብለው አላለፉትም። ከሴቶቹ አንዷን ለምነው ከእንዶዱ አረፋ ጥቂቱን ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ አስጨመሩ። ቀንድ አውጣዎቹም ጥቂት ቆይተው ሞቱ።

እኒህ ሰው ዶክቶር አክሊሉ ለማ ናቸው። አድዋ ሲባል ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ የሚታወሰው የ1888 ዓ.ም. ድል ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም በዚያች ከተማ ወንዝ ዳር የተገኘውም ሌላ ድል ስለ ሆነ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናስታውሰው ወደድን።

እንዶድ ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም ነበር፤ ነገር ግን በፋብሪካ ሳሙና ብቻ ያደገ ወጣት ስለ በዛ ጥቂት እንበል። እንዶድ በአገራችን ደጋና ወይናደጋ በአጥርና በጫካ ዳር የሚበቅል፣ ተንጠላጥሎ የሚወጣ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው በዘለላ ያፈራል። ያን ፍሬ አድርቀው በሙቀጫ ይወቅጡትና ዱቄቱን በውሃ ሲበጠብጡት ብዙ አረፋ ያወጣል። በትግርኛ ሽብቲ ይሉታል። ነጠላና ጋቢን አጥርቶ በማንጻት ረገድ ዛሬም ከሳሙና ይልቅ እርሱን የሚያምኑ እናቶች አሉ። ይህ እንግዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። በወንዞቻችንም ዳር ለብዙ መቶ ዓመታት ቀንድ አውጣ ሲሞት ኖሯል ማለት ነው። ያየውም ሰው እጅግ ብዙ ነው።

ዶክቶር አክሊሉ የተወለዱት በ1935 በመስከረም ወር ነበር። ልጁ ገና የአንድ ወር አራስ ሳይሞላ የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ አድዋን ያዘ። እንዲህ ባለ ክፉ ዘመን ተወልደው፣ ከነፃነት መመለስ በኋላ በተከፈተው የትምህርት በር ከገቡት ልጆች አንዱ ሆኑ። በትምህርታቸው እየገፉ ሄደው በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በታወቀው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተውሳክ ጥናት ተምረው የሳይንስ ዶክቶር ተባሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ማዕርግ ያለው ሰው ከፈለገ በውጭ አገር ጥሩ ደመወዝ እየበላ ሊቀመጥ ይችል ነበር። እርሳቸው ግን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኑ።

ቀንድ አውጣ ምን ያደርግላቸዋል ለሚል ሰው መልሱ ቢልሃርዚያ ነው። ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው በ1851 በካይሮ ከተማ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ በሰው የደም ሥር ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ከሰው በዐይነ ምድር ወይም በሽንት ይወጣል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ ግን ወዲያው ሰውን ሊይዝ አይችልም። ቀንድ አውጣ ፈልጎ በሰውነቱ ውስጥ ገብቶ ሳምንታት ያህል መራባት አለበት። ከዚያ በኋላ ጭራ ያለው ጥቃቅን እጭ ሆኖ በብዙ ሺህ እየሆነ ከቀንድ አውጣው ይወጣና ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ ልብስ የሚያጥብ፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ፣ ከሁሉም ይልቅ ሲዋኝ የሚውል ልጅ የዚህ በሽታ ምርኮኛ ይሆናል። በሽታው ቶሎ አይገድልም፤ ጉልበት እያሳጣ፣ ጉበትንና አንጀትን እየጎዳ፣ ልጁን ከትምህርቱ ገበሬውን ከእርሻው እያስቀረ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በዓለም ላይ የተያዘው ሕዝብ ቁጥር ከ200 ሚሊዮን በላይ ሲገመት የኖረ ነው።

እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መንገድ የለውም። ይህን ሊቃውንት ቀድሞም ያውቁ ነበር። ቀንድ አውጣን የሚገድል መድኃኒትም ነበረ፤ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ቤይሉሳይድ የተባለውን ኬሚካል ይሠራ ነበር። ችግሩ ዋጋው ነው። በሽታው ያለው በድሀ አገር፣ በድሀ ገበሬ መንደር ነው፤ መድኃኒቱ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ በገበሬው አጥር ላይ በራሱ ጊዜ የሚበቅል ፍሬ ያንኑ ሥራ ይሠራል ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የዶክቶር አክሊሉን ስም መጀመሪያ የሰማው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ የሳይንስ መምህር አንደበት ነው። ይህም የሆነው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ በሚባለው ሰፈር አጠገብ በሚገኝ ትምህርት ቤት ነበር። ቆሼን የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም፤ የመላዋ አዲስ አበባ ቆሻሻ ከአምሳ ዓመት በላይ ሲከመርበት የኖረ ስፍራ ነው። ነፋሱ ወደ እኛ በዞረ ቀን ሽታው በክፍሉ መስኮት ይገባል። ሌላው አስተማሪ መስኮቱን ያዘጋ ነበር። እኒህ ቲቸር እያልን የምንጠራቸው ሰው ግን ሽታው ከምን እንደሚመጣ፣ ከክምሩ የሚወጣው ጢስ እሳት የሚይዘው ስለ ምን እንደ ሆነ ይጠይቁን ነበር። የበሰበሰ ነገር የሚያወጣውን ሚቴን የሚባለውን ጋዝ የተማርነው በዚህ ዐይነት ነው። ክፍላችን ላቦራቶሪ አልነበረውም ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ተቆልፎ የሚኖር አንድ ቁም ሳጥን ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ሁለት ባዶ የማርመላታ ጠርሙስ፣ ከገበያ የገዙትን ደረቅ እንዶድና በክረምቱ ውሃ ካቆረ ቦይ ያስለቀሙንን ቀንድ አውጣዎች ይዘው ገቡ። በሁለቱም ጠርሙስ ውሃ ሞሉ፤ እኩል ቀንድ አውጣ ከተቱ፤ በአንደኛው ብቻ የእንዶድ ዱቄት ጨመሩ። በማግሥቱ እንዶድ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሞተዋል፤ በሌላው ያሉት በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይሄዳሉ። ከመካከላችን አንዱ እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል ብሎ በደብተሩ ጽፎ በኩራት አሳያቸው። እርሳቸውም ሁለተኛው ጠርሙስ ባይኖር ኖሮ ይህን መጻፍ ይችል እንደ ሆነ ጠየቁት። ክፍሉ ዝም አለ። ምናልባት ጠርሙሱ የቆሸሸ ቢሆንስ፤ ምናልባት ቀንድ አውጣዎቹ ለማናቸውም ሌሊቱን የሚያልቁ ቢሆኑስ፤ እያሉ አንድ ባንድ ጠየቁን። የአድዋው ወንዝ ለዶክቶር አክሊሉ ሁለት ጠርሙስ ሆኖ እንደ ታያቸው፣ ከአጣቢዎቹ በላይ ያለው ውሃ አንደኛው፣ በታች ያለው ሁለተኛው መሆኑን የነገሩን ያን ጊዜ ነው። ይህ ጸሐፊ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጦ ብዙ ሰምቷል፤ ሳይንስ ምን እንደ ሆነ ግን ከዚያ በተሻለ ያስረዳው ሰው የለም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ዶክቶር አክሊሉ ባዩት ነገር ተደስተው ወሬ በማውራት አላበቁም። በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እንዲቋቋም አደረጉ። ከሥራ ባልደረቦቻቸውም አንዱ የእርሻ ሊቅ ዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ዶክቶር ለገሠ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የእንዶድን ዐይነቶች ሰብስበው፣ ተክለው፣ አወዳድረው፣ ኃይለኛውንና ብዙ ፍሬ የሚሰጠውን መርጠዋል፤ ዐይነት 44 በመባል የታወቀው ከነዚህ አንዱ ነው። ስለ ፈልሳፊ ሲወራ እንዲህ ያለው ተክል ተክሎ የመጠበቅ ሥራ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ያለ እርሱ ግን እንዶድ የአጥር ቁጥቋጦ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከዚያም ዋናው ፈተና መጣ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በአድዋ ከተማ ወንዞች ላይ እንዶድ በየጊዜው እየተጨመረ የሕዝቡ ጤና ተመረመረ። ከሥራው በፊት ከተመረመረው ሕዝብ 63 በመቶው በቢልሃርዚያ ተይዞ ነበር፤ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ቁጥሩ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የሕፃናቱ ነው። ስድስት ዓመት ካልሞላቸው ልጆች ውስጥ የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አሉ። ትልልቆቹ ትሉን ከቀድሞ ጀምረው በሰውነታቸው ይዘውት የቆዩ ናቸው፤ ሕፃናቱ ግን አዲስ ወደ ውሃው የሚገቡ ናቸውና ወንዙ መንጻቱን የሚመሰክሩት እነርሱ ነበሩ።

በባሕር ማዶም እንዶድ ተመረመረ። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ያሉ ኬሚስቶች ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው ሲያወጡ፣ ለአግኚው ክብር ሲሉ ሌማቶክሲን ብለው ሰየሙት። የአባታቸው ስም እንግዲህ በኬሚስትሪ መዝገብ ገባ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የደስታ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ለሚያነበው ሰው ሆድ የሚያስብስ ነው። አንድ መድኃኒት በዓለም እንዲታወቅ ጠቃሚነቱ ብቻ አይበቃም፤ ለሰውና ለአካባቢ የሚያመጣው ጉዳት በታወቁ ላቦራቶሪዎች፣ በታወቀ ሥርዓት መመርመር አለበት። ይህ ሥርዓት በራሱ መልካም ነው፤ ማንም አስተዋይ ሰው አይቃወመውም። እንዶድም በዓሣ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ስለ ሆነ መመርመሩ ይገባ ነበር። ነገር ግን ምርመራው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡን የሚያወጡት ትርፍ የሚያዩ ኩባንያዎች ናቸው፤ ገበሬ በአጥሩ ላይ ከሚተክለው ፍሬ ደግሞ ለኩባንያ የሚተርፍ ነገር የለም። በድሀ አገር ላቦራቶሪ የተሠራው ምርምርም በዓለም ድርጅቶች ዘንድ እንደ በቂ ማስረጃ አልተቆጠረም። ስለዚህ እንዶድ ለብዙ ዓመታት ተስፋ ያለው ነገር እየተባለ ቆየ። ዶክቶር አክሊሉ ይህን አጥብቀው ይነቅፉ ነበር፤ አፍሪካውያን ሊቃውንት የገዛ አገራቸውን ችግር በገዛ ላቦራቶሪያቸው መርምረው እንዲታመኑ በየጉባኤው ተከራከሩ።

ከ1974 አብዮት በኋላ ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠሩ፤ ኋላም በኢጣሊያ በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ምክትል ዲሬክተር ሆኑ። የእንዶዱን ነገር ግን አልተዉትም። በ1983 በዛምቢያ፣ በ1986 በስዋዚላንድ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ተደረገ። የስዋዚላንድዋ የኬሚስትሪ ሊቅ ሊዲያ ማኩቡ ከደጋፊዎቻቸው አንዷ ነበሩ። በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ርዳታም ተፈላጊው የጉዳት ምርመራ ተካሄደ። በአድዋ ወንዝ ዳር ከታየው ነገር እስከዚህ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል አልፏል። በነዚያ ዓመታት ወንዝ ገብተው የታመሙትን ልጆች ማን ቈጠራቸው?

በ1989 ዶክቶር አክሊሉና ዶክቶር ለገሠ በስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ይህ ሽልማት ከ1980 ጀምሮ ለሕዝብ የሚበጅ ሥራ ለሠሩ ሰዎች የሚሰጥ ሲሆን ብዙዎች ሁለተኛው ኖቤል ይሉታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ደግሞ ያልታሰበ ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ዜብራ መስል የሚባል፣ ከቀንድ አውጣ ዘመዶች የሆነ ባለ ቅርፊት እንስሳ ከአውሮፓ በመርከብ ገብቶ ከ1988 ጀምሮ እጅግ ተራብቶ ነበር። የውሃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ከተሞችንና የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን ለብዙ ወጪ ዳረጋቸው። በ1990 የኦሃዮው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክቶር አክሊሉ የክብር ዶክቶርነት ሲሰጣቸው፣ እርሳቸው እንዶድ በዚህ እንስሳ ላይ እንዲሞከር ሐሳብ አቀረቡ። ተሞከረ፤ ሠራም። ዩኒቨርሲቲውም ለዚህ አጠቃቀም የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። የአድዋ ልጆች ሲታመሙ ሃያ ዓመት የፈጀው ጉዳይ የባለጠጋ አገር ቧንቧ ሲደፈን ፈጥኖ መንቀሳቀሱን አንባቢ ልብ ይበል። የባለቤትነቱም ነገር ብዙ ክርክር አስነሣ፤ ለዘመናት እንዶድ ሲወቅጡ የኖሩት የኢትዮጵያ ሴቶች በዚያ መዝገብ ላይ ስፍራ የላቸውምና።

ለእውነት ስንል ሌላውንም ወገን እንናገር። እንዶድ ዶክቶር አክሊሉ እንደ ተመኙት የዓለም መድኃኒት አልሆነም። በ1970ዎቹ ፕራዚኳንቴል የተባለ ክኒን ተሠርቶ በሰውየው ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል መግደል ስለ ቻለ፣ የብዙ አገሮች ዘመቻ ወደ ክኒኑ አዘነበለ። ክኒኑ መልካም ነው፤ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ተማሪዎች ይወስዱታል። ሆኖም ክኒን የዋጠ ልጅ በዚያው ወንዝ ተመልሶ ሲገባ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን የመቆጣጠሩ ሐሳብ ጨርሶ ያረጀ አይደለም።

መምህራችን ይህን ሁሉ ሲያስተምሩን አንድ የዓመት መገጣጠም አውቀው ይሁን ሳያውቁ አልነገሩንም። የቆሼ ክምር የተጀመረው ዶክቶር አክሊሉ በአድዋ ወንዝ ዳር በቆሙበት በዚያው በ1964 ነው ይባላል። ወንዙ በአምስት ዓመት ሥራ ሲነጻ ክምሩ ግን ዐደገ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ተንዶ በሥሩ ያሉትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ትምህርት እንደገና በተጀመረ ጊዜ መምህሩ ክብደትና ተዳፋት፣ በክምር ውስጥ የሚጠራቀም ውሃም መሬትን እንዴት እንደሚያንሸራትት በሰሌዳው ላይ ሥዕል ጀምረው ነበር። ሥዕሉን ሳይጨርሱ ጠመኔውን አስቀመጡ። ከዚያ በክምሩ ዳር የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር፣ ስንጥቁንም ሆነ እርጥበቱን፣ ለካ ይዞ ከሚመጣ እንግዳ አስቀድሞ እንደሚያውቅ ነገሩን፤ የአድዋ ሴቶች የሚያውቁትን እንዳወቁ፣ የጐደለው ጠያቂ ብቻ እንደ ነበረም አስታወሱን። ደወሉ እስኪደወል ከዚያ በላይ አልተናገሩም። እኒህ መምህር ጡረታ ከወጡ በኋላ ዐርፈዋል። ከዚያ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ዛሬ በላቦራቶሪ የሚሠሩ እንዳሉ ይህ ጸሐፊ ያውቃል። ከቆሼ ብዙም ሳይርቅ፣ በአለርት ሆስፒታል ግቢ፣ በኖርዌያዊው የሥጋ ደዌ ሊቅ በአርማወር ሀንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም ይገኛል፤ ቀድሞ በአጥሩ ሥር ስናልፍ ለእኛ አጥር ብቻ ነበር።

ዶክቶር አክሊሉ ለማ በ1997 ሚያዝያ 5 ቀን በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት በስማቸው ተሰይሟል። በውስጡም የተውሳክ፣ የተባይና የቀንድ አውጣ ጥናት ይካሄዳል፤ ወጣት ተመራማሪዎች ባልዲና ወንፊት ይዘው ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ዳር ይወርዳሉ፤ የሚለቅሙትን እየቈጠሩ፣ ከላይና ከታች ያለውን ውሃ ለየብቻ ይመዘግባሉ።